የልጆቹ ክር እስከ መቼ ይቀመጣል?

ልጅ መጠበቅ የጀመርሁት በጃንሆይ ዘመን፣ መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር ባለችው ጎጆዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የስማዳ ነጋዴ ልጇን አዝላ በአህያና በጆንያ መካከል ስትጋፋ አየሁና «አንቺ! ልጅቱን ልታሳፍኛት ነው? ለኔ ተያት» አልኋት። ሌሎችም አይተው ተከተሏት። ከቀትር በፊት ቤቴ በሰው ልጅ ሞላ።

ገበያው ሲፈታ ጉድ ፈላ። አንዷ «አክስቱ ነኝ» ብላ አንዱን ወንድ ልጅ ወሰደች። እናትየው መጥታ ስታጣው ጩኸቷ ገበያውን አናወጠው። ደግነቱ አክስትየዋ እውነተኛ አክስት ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት አበጀሁ። የአገራችን ሴት መንገድ ስትሄድም እንዝርቷን ከእጇ አትለይም። ልጅ ስታስረክበኝ ከፈትሏ አስበጥሳትና ክሩን በሸንበቆ ቁራጭ ላይ እጠመጥማለሁ። ሸንበቆው ላይ የልጁን መለያ በጋለ ወስፌ እተኩሳለሁ። ስትመለስ «እንዝርትሽን አሳዪኝ» እላለሁ። ቅጥነቱ፣ ጉጡ፣ አከራረሩ ሁሉ እንደየእጁ ነው። ክሩ ያልገጠመላት እቴጌ ብትሆንም ልጅ አትወስድም። መቼም ምላሴ አይጣል ነበር።

ያች የስማዳዋ ነጋዴ ግን እንዝርት አልያዘችም። ለሸማኔ ከምትሸጠው ልቃቂት በጥሳ ሰጠችኝ። «የእናቴ እጅ ነው፤ እኔስ እግሬ እንጂ እጄ ሥራ አያውቅ» ብላ ሳቀች። ልጅቱ የሺ ትባላለች። ግንባሯ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት ስለነበራት ሸንበቆው ላይ ጨረቃ ተኮስሁ።

በሌላ ገበያ እናትየዋ ንዳድ ይዟት መጣችና ቃል ሳትናገር እኔው ቤት አረፈች። ወገኗን ብናስጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። ልጅ ያልወለደች ጎረቤቴ የሺን አሳደገቻት።

ጉልበቴ ሲደክም ሥራውን ዘጋሁ። አንድ ቅርጫት ሙሉ ሸንበቆ ቀረኝ። የነፍስ አባቴን «አባ፣ ይህን እስከ መቼ ላስቀምጠው?» አልኋቸው።

«ሥራሽ ሞቷል። ሙት ዓመቱ ይውጣና ጣይው» ብለው ሳቁብኝ።

ሙት ዓመቱ ወጣ። እኔ ግን ዕቃ መጣል አይሆንልኝም።

የሺ አድጋ ለስማዳ ልጅ ታጨች። አሳዳጊዋ ጠላውን ጠንስሳ ሳለ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ተቀመጡ፤ እስከ ሰባት ትውልድ የተዛመደ አይጋባምና። የሙሽራው አጎት ተነሡ።

«የአክስቴ የእማሆይ ልጅ ለንግድ እንደወጣች ቀርታለች። ይህች የርሷ ልጅ ብትሆንሳ? እኅትና ወንድም ልናጋባ ነው?»

የሺ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም ተነሥቼ የየሺ እናት «የእናቴ እጅ ነው» ብላ ስለ ሰጠችኝ ክር ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና እማሆይ ይምጡ አሉ።

እማሆይ በበቅሎ መጡ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ባለ ጨረቃዋን ሸንበቆ እጃቸው ላይ አኖርሁ። ክሩን ፈተው በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት።

«የኔ እጅ አይዶለም» አሉ። «በቀኝ የተፈተለ እንዲህ ሲያሹት ይከራል። ይኸ ግን ይፈታል። ይህን የፈተለች ግራኝ ናት። በአገራችን በግራዋ የምትፈትል ጎረቤቴ ብቻ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ልጇ ከልጄ ጋር ባንድ ቀን ነው ለንግድ የወጣች።»

ዕድሜዬን ሙሉ ክር ሳስተያይ ኖሬ፣ ጣት እንዲህ ሲያውቅ አይቼ አላውቅም። አማተብሁ። ሽማግሌዎቹ የግራኟን ቤት ቆጠሩ፤ ከሙሽራው ቤት ጋር የትም አይገናኝም። እልልታው ቀለጠ።

እማሆይ ግን አልተነሡም። «የኔዋስ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «በዚህ አልፋ እንደሁ፣ ክር አልተወችም? አፈታተሏ የኔው ነበር።»

የሺ የልጅ ልጃቸው እንዳትሆን የፈራነው ሁላችንም ነን። እርሳቸው ግን እንድትሆን ተመኝተው ኖሯል የመጡት። እንዲያም ሆኖ እውነቱን ተናገሩ። ሴትዮዋን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ታቦት አከበርኋቸው።

ቅርጫቱን አቀረብሁላቸው። ሸንበቆውን አንድ በአንድ ዳሰሱ። የልጃቸው እጅ አልተገኘም።

የሰው ልጅ የጠበቀ ሰው መለያውን ልጁ ሰባት ቤቱ ተቆጥሮ እስኪዳር ያስቀምጥ። ከዚያም በኋላ ልጇን የምትፈልግ እናት ካለች አይጣል።