የበለጡ ሳንባ

ሐኪም ሆኜ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ስመደብ የፈራሁት ብርዱን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ካርድ ክፍሉ በር ላይ የተሰለፈውን ሰው ሳይ ጋውኔን በጥድፊያ መልበስ ጀመርኩ። አንጋፋው ኃላፊዬ፣ «አትቸኩል። ሁሉም ከሩቅ ነው የመጣው» አሉኝ።

በለጡን ያየኋት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ሃያዎቹን የጀመረች ቀየት ከሚባል ገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ አባቷ ይዘዋት መጡ። ደም የቀላቀለ ሳል ይዟት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። ሳታጓድል ጨረሰችው፤ ሳሉ ግን አልተዋትም። አክታዋ በተመረመረ ቁጥር ነጻ ነው። እጮኛዋ ሠርጉን አዘግይቷል። ቤት ውስጥም ሳህኗ ተለይቷል።

ራጅ አስነሳኋት። ፊልሙን ብርሃን ላይ ስሰቅለው በቀኝ ሳንባዋ ላይ ጠርዙ የጠራ ክብ ጥላ አየሁ። ነቀርሳ እንዲህ አይደለም። ካንሰር ይሆን ብዬ ደንግጬ ወደ ኃላፊዬ ሮጥኩ።

«በግና ውሻ አላቸው?» አሉኝ።

«የመንዝ ገበሬ ናቸው እኮ።»

«ሂድና በደንብ ጠይቅ። መርፌ ግን እንዳታስገባበት፤ ከፈነዳ ትሞትብሃለች።»

ተመልሼ፣ «አባባ፣ የምታርዱት በግ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ስታገኙት ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኳቸው።

«ለውሻው እንወረውርለታለን እንጂ ምን እናደርገዋለን!»

በለጡ ቀና አለች። «ዶክተር፣ ባለፈው ስስል ጨው ጨው የሚል ውሃ አፌ ውስጥ መጣ። አፍሬ ለሰው አልተናገርኩም።»

ይኼኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። ውሻ የታመመ ሳንባ ሲበላ ትል ያፈራል፤ ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው የትሉ እንቁላል ወደ ሰው ሲገባ ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ጨው ጨው ያላት ከከረጢቱ በትንሹ ያፈተለከው ውሃ ነው። ኃላፊዬም ተስማሙ፤ ወደ በለጡና አባቷ ተመለስኩ።

«ነቀርሳ አይደለም። በቀዶ ጥገና ይወጣል» አልኳቸው።

አባቷ በለጡን ዞረው አዩ። «እንግዲህ ከእኛ ጋር ካንድ መሶብ ትበላለች?»

«ዛሬውኑ።»

በለጡ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ለቅሶውን ሳትጨርስ ሳቀች።

ሪፈር ጽፌላት አዲስ አበባ ሄደች። ኮረኮንቹ መንገድ ከረጢቱን ያፈነዳው ይሆን እያልኩ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ ደወለ። «ሳይፈነዳ ሙሉውን ወጥቷል። ደህና ናት» አለኝ። ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ከእጮኛዋ ጋር መጣች። ሳሉ ጠፍቷል። አባቷም የታመመ ሳንባ ይቀብሩ ጀመር፤ ለውሻ የሚወረውር ጎረቤትንም ይቆጣሉ።

ለአዳዲስ ሐኪሞች የምላቸው ይኼን ነው፦ አክታው ነጻ ሆኖ መድኃኒቱ ካልሠራ ራጅ አስነሱ። ቤት ውስጥ ስላለው ከብትና ውሻም ጠይቁ።