በወታደር ጫማ የሮጥኩ ዕለት

«ቁም! አንተ ከጂ!» እያሉ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ወለንጪቲ መግቢያ ላይ ተከተሉኝ። እኔ እኮ ልምምድ ላይ ነኝ። ከግንባር በፈቃድ እንደመጣሁ፣ ለድርቅ ተጎጂዎች መርጃ ከናዝሬት እስከ መተሐራ ለሚሮጠው ሩጫ ተመዝግቤአለሁ። ልብሴም ጫማዬም የወታደር ነው፤ የፈቃድ ወረቀቴን ቤት ትቼዋለሁ። ከያዙኝ ማን ያምነኛል? እግሬ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም!

ጥግ ስዞር አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ግቢያቸው ጎተቱኝ።

«እማማ፣ አልከዳሁም፤ ለሩጫ እየተለማመድኩ ነው» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ ተለማምደሃል። አሁን ግባ!» ብለው ጎተራቸው ውስጥ ከተቱኝና ዘጉብኝ።

ከጨለማው ውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «ቀስ ብለህ ርገጥ ወንድሜ፤ ከምሥራቅ ግንባር የጠፉት ገና ተኝተዋል» አለኝ።