ጋዜጣ የለበሰው ግድግዳ

እስከ ዛሬ ጋዜጣ ስይዝ ከፎቶው በፊት ከሥሩ የተጻፈውን ነው የማነበው። ልማዱ ከሚዛን ተፈሪው የጭቃ ቤታችን የመጣ ነው። ባሌ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር፤ የተነበበ ጋዜጣ ሲጥሉ ለቅሞ ያመጣል፣ እኔ በሊጥ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። የሰፈሩ ቤት ሁሉ እንደዚያው ነበር። ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ከዘማች ተማሪዎች ፊደል ስቆጥር መጽሐፌ ያ ግድግዳ ሆነ። ልጄን እያጠባሁ ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ድረስ አነባለሁ።

ራስጌው ላይ ሦስት መኮንኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው መገደሉን ሬዲዮ ሲናገር ባሌ ፊቱ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት። ወራት አልፈው ሁለተኛውም «እርምጃ ተወሰደበት» ተባለ። ሦስተኛው፣ አገሩን የያዘው፣ ብቻውን ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ባሌ ሥራ ላይ ሳለ፣ ከጅማ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ጎረቤቴ እየሮጠች ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው! እዚያ ማዶ አንዱን የተገደሉትን ፎቶ ለጥፈሃል ብለው ወሰዱት። ይሄን ማን አመጣው ሲሉሽ ምን ልትይ ነው?»

«ባሌ ልበል?»

«ቅደጂው እንግዲያ!»

«ከምርጊቱ ጋር ተጣብቋል፣ እትዬ። ቤቱን ነው የምቀደው?»

ሄዳ ስኳር የምትጠቀልልበትን ጋዜጣ በእቅፏ አመጣች። ማንበብ አትችልም፤ በፎቶው መረጠች።

«ይኸው፣ ከእነዚያ አንዳቸውም የሉበትም። ሊቀመንበሩ ብቻ ከእንግዳ ጋር እየሳቀ ነው።»

ሊጥ ቀብቼ ልለጥፍ ስል ከሥሩ ያለውን አነበብኩ። እንግዳው የጎረቤት አገር መሪ ነው፤ ወንድማማችነት ይላል። የዚያ ሰው ጦር አሁን ምሥራቁን ወሮታል።

«እትዬ፣ ይሄ ጠላት ነው።»

«መቼ ሆነ ደሞ?»

«ከዚህ ጋዜጣ በኋላ።»

ሌላ አነሳሁ፤ አሜሪካኖችን ያመሰግናል። እነሱንም ሊቀመንበሩ አባሯቸዋል።

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ወዳጅ የለውም እንዴ?» አለችና ወዲያው አፏን በሻሿ ያዘች።

ጋዜጣውን ትቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝናብ ስለሰነበተ ጭቃ ሞልቷል። ሁለታችን በእጃችን እየዛቅን ከራስጌው እስከ በሩ መረግነው፤ እያንዳንዱን መስመር በቃሌ እያልኩ ሸፈንኩት። ፈታሾቹ ሲገቡ ገና እርጥብ ነበር።

«ዛሬ ምን አስመረጋችሁ?»

«ዝናቡ እየገባ ልጆቹን ሊገድላቸው ነው፣ ምን እናድርግ?» አለች ጎረቤቴ።

አንዱ በጣቱ ነካ፣ ሱሪው ላይ ጠረገና ወጡ።

ባሌ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋዜጣውስ?»

«አንብቤ ጨረስኩት።»

አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጎ፣ ከጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ በክብሪት እንጨት ያወጣልኝ ጀመር።