የአማቴ ጉርሻ

ዛሬ ከሰዓት አማቴ አንድ ሙሉ የአሳማ እግር ታቅፈው ቆመው ነበር።

እዚህ ጣልያን ያለው መሥሪያ ቤታችን ለበጎ አድራጎት የዳይስ ጨዋታ አዘጋጅቶ ነበር። ገንዘብ የለም፤ ያሸነፈ ዕቃ ይወስዳል። ሁለቱን ዳይስ የሚወረውሩት ሲኞር ፍራንኮ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። አማቴ ሰባት ቁጥር ላይ አስይዘው አማተቡ፤ ድምሩ ሰባት ወጣ። ሽልማቱ ፕሮሹቶ፣ በጨው ታሽቶ የደረቀ ሥጋ ሆነ።

"ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"የአሳማ እግር ነው፣ እማዬ።"

ፊታቸው አልተለወጠም። "ቅድም ያሸነፈው ሰውዬ ለወርዋሪው ቸኮሌት ጉርሻ ሲሰጥ አይቻለሁ። እኔም ልስጥ?"

"ደስ እንዳለዎት።"

እግሩን እንዳለ ለሲኞር ፍራንኮ አስታቀፏቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። (ለልደቴ ካልሲ የሰጡኝ ሴትዮ ናቸው።)

የሲኞር ፍራንኮ ዓይን እንባ አቀረረ። አሎራ፣ እንግዲያውስ እንዲህ ያለ ስጦታ ብቻዬን አልበላም ብለው፣ አብረን እንድንቆርጠው ለእሁድ ምሳ ሮማኒና ሰፈር ካለው ቤታቸው ጋበዙን።

አማቴ ከጣልያንኛ አጥርተው የሚያውቁት "ቫ ቤኔ"፣ "እሺ" የሚለውን ብቻ ነው። ፈገግ ብለው እሱኑ አሉ።

አሁን ወደ ቤት በሚመልሰን ባቡር ላይ ነን፤ ምን እንደተስማሙ እየነገርኳቸው ነው።

እናንተስ፣ በዘዴ የሸኛችሁት ነገር ተመልሶ ምሳ ጋብዟችሁ ያውቃል? እንዴት አመለጣችሁ?