ከአባቴ ሰዓት ላይ የላጥኳት ፕላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና አንድ ሞባይል ቤት ቁጭ ብዬ፣ ጠጋኙ ከተሰበረ ስክሪን ላይ ስስ ፕላስቲክ ሲልጥ አየሁ። የሞቀው ሙጫ ሲሸተኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ያጠፋሁት ጥፋት ትዝ አለኝ።

ትምህርት ቤታችን ወላጆችን ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ጠርቶ ነበር። የፊዚክስ መምህሬ ለእኔ የሰጠችኝ ርዕስ ሱፐርፖዚሽን ነው፤ አንድ ቅንጣት ሁለት ሁኔታዎችን አንድ ላይ የመያዟ ነገር። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሦስት ስስ ፕላስቲኮች ያስፈልጉኝ ነበር። ሁለቱን ከተበላሸ ካልኩሌተር አገኘሁ፤ ሦስተኛው ጠፋ። ዋዜማው ላይ ሲጨንቀኝ የአባቴን ዲጂታል ሰዓት ከፍቼ የፊቱን ፕላስቲክ በምላጭ ላጥኩ። ቁጥሮቹ ወዲያው ድርግም አሉ። ሰዓቱ የሟች ወንድሙ ማስታወሻ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጠዋት አልጋውን እያገላበጠ ሲፈልገው ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ። ሰዓቱ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ሁለቱን ፕላስቲኮች አንዱን በሌላው ላይ አቋርጬ በመስኮቱ አንጻር ያዝኩ፤ ጨለመ። ሦስተኛዋን አዘንብዬ በመሃላቸው ሳስገባት፣ ጥፍር የምታክል ብርሃን ቦግ አለች።

አናጢው አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። «በመጋረጃ ላይ መጋረጃ ተጨምሮ እንዴት ይበራል?»

«የብርሃኗ ቅንጣት ያዘነበለችው ፕላስቲክ ጋ እስክትደርስ ማለፍንም መቅረትንም አንድ ላይ ይዛለች» አልኩት። «እዚያ ስትደርስ ነው አንዱ የሚለይላት። ካለፈች ደግሞ አዲስ አቅጣጫ ስለምትይዝ፣ ከመጨረሻውም የማለፍ ዕድል አላት።»

«እኛ አላወቅንም እንጂ፣ ለእሷማ ቀድሞ ተቆርጦላት ይሆናል።»

«የለም ጋሼ» አለች መምህሬ፤ «ለራሷም ገና አልለየላትም።»

አባቴ በኩራት አየኝ። «ፕላስቲኳን ከየት አመጣሻት?»

ሰዓቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ባዶውን ፊት አይቶ፣ «ገደልሽው?» አለ በቀስታ።

 መምህሬ ትንሿን ፕላስቲክ ከእጄ ወስዳ ሰዓቱ ላይ አስቀመጠቻትና ቀስ አድርጋ አዞረቻት። ቁጥሮቹ ብቅ አሉ። ሰከንዶቹ እየሄዱ ነበር፤ ለካስ አንዴም አልቆሙም።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰና ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ይገርምሃል፣ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። መንገዱን ሙሉ በሀዲይሳ ቋንቋችን ስለ ወንድሙ አጫወተኝ፤ እስከዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ ስሙን እንኳ አንስቶ አያውቅም። ዱራሜ አብረው አናጢነት ሲማሩ አንድ አልጋ ይጋሩ ነበር፤ ወንድምየው በእንቅልፍ ልቡ ይዘፍን ነበር አሉ። በራችን ላይ ስንደርስ አባቴ ቆመ።

«ስለ እሱ ሌላም አለ» አለኝ።

ቤት ሳንገባ በሩን አልፈን መንገዳችንን ቀጠልን።