ገመዱን የያዙልኝ ቄስ

እስካሁን ቀበቶ ማጥበቅ አልወድም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በነሐሴ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰላ ድንጋይ ስሄድ የሞፈር ውሃ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀኝ። ዳር ላይ ለቀብር ማዶ የተጠሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆመዋል። እንደ አገሩ ልማድ ሁለታችንም ለመንሳፈፊያ የተነፋ ስልቻ ይዘናል።

«ገመድ አለኝ» አሉኝ። «አንተ ቅደም፤ ጫፉን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ገመዱን ወገቤ ላይ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። ቢላዋዬን ውሃ እንዳይወስድብኝ በልብሴ ጠቅልዬ አናቴ ላይ ቋጠርኩና ስልቻውን ታቅፌ ገባሁ።

መሃል ስደርስ ጎርፉ ቁልቁል ይገፋኝ ጀመር። አባ ደግሞ ያዳኑኝ መስሏቸው ገመዱን ሳቡ። በሳቡ ቁጥር እሰጥማለሁ፤ ስሰጥም ሲያዩኝ ይብሱን ይስባሉ! ቋጠሮውን ልፍታው ብል ርሶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ቢላዋው አናቴ ላይ ነው፤ እሱም ታስሯል። «ይልቀቁት!» እንዳልል አፌን ውሃ ሞላው።

አንዴ ብቅ ስል አየኋቸው። ተስፋ ቆርጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «እግዚኦ!» ይላሉ። ገመዱ ረገበ። ወንዙም አንከባልሎ ማዶ ጣለኝ።

ገመዱን በቢላዋ ከወገቤ ቆረጥኩና አንዱን ጫፍ ይዤ ሌላው ላይ ድንጋይ አስሬ መልሼ ወረወርኩላቸው። አባ ወገባቸውን ታጠቁበት፣ አማተቡ፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱና ጮኹብኝ፦

«ልጄ፣ መሃል ላይ ውሃው ከያዘኝ እንዳትስብ፤ ጸልይ!»