ከጥዱ ሥር የፍልፈል ትምህርት

መምህሩ ከጥዱ ሥር፣ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ቆመዋል። በቀኛቸው የኮሌጁ ዲን፤ ንፋሱ ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ይጥልባቸዋል። በግራቸው ከአዲስ አበባ የመጡት ገምጋሚ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ረጅም ሴት፣ እስክሪብቶ ይዘው። ፊት ለፊት የአገር ሽማግሌዎች በግማሽ ክብ፤ ከመካከላቸው ሐጂ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሴቶች፤ ከሴቶቹ ዳር ወተት ሻጯ፣ ባዶ ጀሪካኗን እግሯ ሥር አስቀምጣ። ተማሪዎች በአጥሩ በኩል፣ ገሚሶቹም አጥሩ ላይ። እኔ ከመምህሩ ኋላ ራቅ ብዬ፣ ፕሮጀክተሩን ታቅፌ።

ፕሮጀክተሩን የታቀፍኩት መብራት ስለጠፋ ነው። ሌክቸሩ የተሰናዳው ለአዳራሽ ነበር። ፎቶግራፎቹ፣ ካርታው፣ ቀይ ብርሃን የምትተፋው መጠቆሚያ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። መብራቱ እልም ሲል አዳራሹ ጉድጓድ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹም «ጨለማ ውስጥ ምን ይወራል?» ብለው ወደ ጥዱ ሄዱ። ሰው ተከተላቸው። መምህሩም ተከተሉ። ዕቃው መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ብዬ እኔም ይዤው ወጣሁ።

ሥራዬ የቤተ ሙከራ ረዳትነት ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ጎባ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል ውስጥ የነበረው አንድ እግሩ የጎደለ አጽምና የተሰነጠቀ ማይክሮስኮፕ ነው። መምህሩ ባዮሎጂ ያስተምሩ የነበረው በእጃቸው ነው። ጭብጣቸው ልብ ነው፤ ይጨብጡታል፣ ይለቁታል። ሁለት መዳፋቸው ሳንባ ነው። ጣቶቻቸውን አጠላልፈው ሲያላቅቁ ሕዋስ ተከፈለ ማለት ነው። ተማሪው ሁሉ አብሮ ይጨብጣል፣ ይዘረጋል፣ ያላቅቃል። አንድ ዓመት የብሔራዊ ፈተና ተቆጣጣሪ መጣና ፈተናው መሐል ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛ ሥር ጣቱን ሲያንቀሳቅስ አየ። በምልክት ይኮራረጃሉ ብሎ ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲነሣ መምህሩ ተጠርተው መጡ።

«ጌታዬ፣ እየኮረጁ አይደለም፤ እየተነፈሱ ነው» አሉት።

ሰውየው ሲያፈጥባቸው ወለሉ ላይ ቆመው ሳንባውን ከመጀመሪያው አሳዩት። ወረቀቱን መለሰ። የገባው ግን አይመስለኝም።

ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አዲስ አበባ እየተመላለሱ ያዙ። ሮቤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ወደዚያ ተዛወሩ፤ እኔንም አዛወሩኝ። ምርምራቸው በፍልፈል ላይ ነው፤ ሳነቴ አምባ ላይ በሚኖረው በትልቁ ፍልፈል። ፍልፈል ቸኩሎ አይወጣም። ስለዚህ መምህሩ ጋቢ ለብሰው ብርዱ ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ፣ ጉድጓዱን ያያሉ፤ እኔ ከመኪናው አጠገብ ፔርሙዝ ይዤ እቆያለሁ። አንድ ቀን ከዶሎ መና የሚመጣ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የተጋደሙትን መምህር ሲያይ ራሱን ያዘና «ወይኔ፣ የማን አባት ነው!» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። መምህሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ አንድ ጣታቸውን አነሡ፤ ዝም በል፣ ሊወጣ ነው ማለታቸው ነው። ሾፌሩ መኪናው ላይ የወጣበትን ፍጥነት ፍልፈሉም ወደ ጉድጓዱ ሲገባ አይችለውም። የሚያየኝ ስላልነበረ ሳቅሁ።

ፕሮፌሰርነት የጠየቁት ለጡረታ ሲቃረቡ ነው። አንድ ጊዜ ተመልሶባቸዋል። ጽሑፎችዎ በቂ ናቸው፤ ዕውቀትዎን ከክፍል ውጭ ላለ ሕዝብ ማድረስ መቻልዎ ግን አልተመሰከረም ተባሉ። ሕዝብ ተጠርቶ፣ ገምጋሚ ባለበት ሌክቸር መስጠት ነበረባቸው። ይህ ከከሸፈ ጡረታው ይቀድማል፤ ሌላ ዕድል የለም። በዚያ ጠዋት ቁርስ አልበሉም፤ ሸሚዛቸውንም አዛንፈው ቆልፈው ነበር። ነገርኳቸው። አስተካከሉ፣ እንደገና አዛነፉት።

ጥዱ ሥር ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ በኦሮምኛ፣ ገምጋሚዋ እንዲሰሙ በአማርኛ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይላሉ፤ በመካከሉም ትንፋሽ ይወስዳሉ። ሰላምታው አለቀ። ፎቶግራፉ ቢኖር አሁን ፍልፈሉን ያሳዩ ነበር። ስለሌለ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ አዙረው።

«ፍልፈል ይህን ያህላል።»

እጃቸውን እዚያው አቆዩት።

ባሌ ውስጥ ትልቅ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ቃሉን በልክ እየቆረጠ ከተናገረ የሚመጣው ምርቃት ነው። ምርቃት ደግሞ መልስ አለው። ሐጂ ከዘራቸውን በብብታቸው ያዙና መዳፋቸውን ከፈቱ።

«አሚን» አሉ።

«አሚን!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አሜን» አሉ ከጎባ የመጡት፣ በራሳቸው አባባል።

መምህሩ ግራ ተጋብተው ወደ ዲኑ ዞሩ። ዲኑ ከረባታቸውን ያዙ። «ይቀጥሉ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጥርሱ ወደ ፊት የወጣ ነው።»

«አሚን!»

«ዓይኑ አናቱ ላይ ነው።»

«አሚን!»

«ቀኑን ሙሉ አፈር ይቆፍራል።»

«አሚን! አሚን!»

አጥሩ ላይ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ወደቀ። ገምጋሚዋ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ነገር ጻፉ። መምህሩ ይህን አይተው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ይህ ብልሃት መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ያለ እጃቸው አንዲት ቃል አልመጣላቸውም። «ፍልፈሉ... ፍልፈሉ እንግዲህ...» አሉና ቆሙ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ።

«ማሎ፣ እባክዎ መምህር፣ ምርቃት አይቋረጥም» አሉ ሐጂ። «ጥሩ አይደለም።»

መምህሩ እጃቸውን አወጡ። ምን ያድርጉ!

«ሣር ሊሰበስብ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል» አሉ፣ አንዱን ጭብጣቸውን በሌላው እጃቸው ቀለበት ብቅ እያደረጉ።

«አሚን!»

«ቀይ ቀበሮው፣ እናንተ ጀደላ ፈርዳ የምትሉት፣ አድብቶ ይጠብቀዋል።»

«አሚን!»

«አንገቱን ይይዘዋል።»

«አሚ...»

«ወላሂ እኔ ለዚህ አሚን አልልም!» አለች ወተት ሻጯ።

ሁሉም ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ ሐጂ፣ መዳፋቸውን ሳያጥፉ። «ዱዓ መሐል ነን።»

«ሐጂ፣ ሰው ሲታነቅ አሚን ይባላል?»

«ሰው አይደለም፤ ፍልፈል ነው።»

«ምን አጠፋ? ቤቱ ደጃፍ ላይ ሣሩን በላ። ማንን ነከሰ? ለጉድጓዱ አሚን ብያለሁ። ለጥርሱም፣ አስቀያሚ ቢሆንም፣ አሚን ብያለሁ። ለመታነቁ ግን ይቅርብኝ!»

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። እኔ በሰው ፊት መሳቅ አልወድም፤ ፕሮጀክተሩን ፊቴ ላይ ከፍ አደረግሁ። ፕሮጀክተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ቀበሮውስ ምን ይብላ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ልጆች አሉት።»

«ይጹም።»

«ጀደላ ፈርዳ ጾም ያውቃል እንዴ? ይሞታላ!»

«ከሞተማ» አሉ ሌላው፣ «ፍልፈሉ ይረባል፣ ይረባል፣ ሣሩን ይጨርሰዋል። የአንቺ ላም ምን ልትበላ ነው? ወተቱን ከየት ልታመጪ ነው? ከጀሪካኑ?»

«አቦ፣ የእኔን ላም አትጥሩ! እናንተ ያንን ሁሉ ከብት ሳነቴ ላይ ነድታችሁ ሣሩን ስትጨርሱስ? ፍልፈሉ ምን ይበላል? ፍልፈሉ ሲያልቅስ ቀበሮው?»

ሐጂ መዳፋቸውን አዩ፣ ከዚያ መምህሩን።

«ሴትየዋ ልክ ናት?» ብለው ጠየቁ።

የመምህሩ እጆች አየር ላይ ቀርተው ነበር፤ አንዱ ቀበሮ፣ አንዱ ፍልፈል። «ልክ ናት» አሉ።

«እንግዲያው ከብቱስ የት ይሂድ?»

ያን ጊዜ ጨዋታው ፈረሰ፤ ወይም ተጀመረ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። አንዱ ከብቱ በፈረቃ ይውጣ ይላል፤ አንዱ የወንድሙ ከብት ብቻ ይቀነስ ይላል፤ ወንድምየው እዚያው ቆሟል። ወተት ሻጯ ጀሪካኗ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና በየተራ ዳኘቻቸው። መምህሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣሉ፤ እጃቸው አንዴ ሣር፣ አንዴ ላም ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹም ሲመልሱላቸው በእጃቸው ሆነ። ሐጂ ሳይቀሩ ቀበሮ ሆኑ። ከዘራቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

ዲኑን ላብ አጠመቃቸው። «ጸጥታ! እባካችሁ ጸጥታ! እንግዳ አለ!» እያሉ እጃቸውን ያጨበጭባሉ።

«ተዉአቸው» አሉ ገምጋሚዋ።

«ክብርት ዶክተር፣ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም...»

«ተዉአቸው አልኩ እኮ።» ከዚያ መምህሩን ጠሩ። መምህሩ እያለከለኩ መጡ፤ ሸሚዛቸው ከቀበቷቸው ወጥቷል። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ተማሪዎቹም ከአጥሩ ወረዱ፤ ሁሉም ለምን እንደተሰበሰበ ያውቅ ነበርና።

«ሌክቸሩን አልጨረሱም» አሉ ገምጋሚዋ።

«አልጨረስኩም።»

«የቀረው ምን ነበር?»

መምህሩ ወደ ወተት ሻጯ አዩ። «ማጠቃለያው ነበር። እሷ አለችው።»

ገምጋሚዋ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ያዙ፤ ከንፈራቸው ግን አልታዘዛቸውም። መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ለምን ወደኔ እንደዞሩ አላውቅም፤ ምናልባት ከሁሉ ዝም ያልኩት እኔ ስለነበርኩ ይሆናል።

«እትዬ፣ ክፍል ውስጥም እንዲህ ነው የሚያስተምሩት?»

«አዎ» አልኩ። «አሚን የሚል ግን የለም።»

በዚህ ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። እንዲያ ያለ ሳቅ ከእንዲያ ያለ ሴት ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እስክሪብቷቸውን ዘጉ።

«ለሕዝብ ማድረስ ይችላሉ ወይ ነበር የተባልኩት» አሉ ዲኑን። «ይችላሉ። በእጄ ጽፌ እፈርማለሁ። ፕሮፌሰርነቱን ቦርዱ ያጽድቅ፤ ከእኔ በኩል የሚያግደው የለም።»

ዲኑ ሳይታሰብ ሐጂን አቀፉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተማሪዎቹ መምህሩን ሊሸከሙ ሲመጡ መምህሩ በጥዱ ዙሪያ ሸሹ፤ ሁለት ዙር ከዞሩ በኋላ ተያዙ። ትከሻ ላይ ሆነው፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ በእኔ በኩል ሲያልፉ ጮኹ።

«እትዬ! ሰሙ? ፕሮፌሰር ሆንኩ እኮ!»

«ቦርዱ እስኪያጸድቅ መምህር ነዎት» አልኳቸው። «ጫማዎ ወድቋል።»

ጫማውን አንሥቼ ጥዱ ሥር አስቀመጥኩላቸው። ፕሮጀክተሩን ቢሮ አስገብቼ ቆለፍኩ። በግቢው በር ላይ የጎባ ሚኒባስ ሰው እየጠራ ነበር፤ ገባሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።